ከሩቅ አንስቶ እስከ ማታ መቆየት፦ ዙምና ባትሪ በትንሿ ካሜራ

እህቴ የተመረቀች ቀን፣ ስሟ ሊጠራ አምስት ሰው ሲቀር ካሜራዬ ሌንሷን ሰብስባ ተዘጋች። ስክሪኑ ላይ ቀይ የባትሪ ምልክት ብልጭ ድርግም አለ፣ ከዚያ ጨለማ። ጥቁር ጋውን የለበሰችው እህቴ መድረኩ ላይ እጅ ስትጨብጥ በዓይኔ ብቻ አየኋት። እናቴ ዞር ብላ «አነሳሃት?» ስትለኝ የምመልስላት አልነበረኝም።

ማታውኑ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ፎቶዎቹን ቆጠርኩ። 94 ናቸው። ጠዋት ሙሉ የነበረ ባትሪ እንዴት በ94 ፎቶ ያልቃል? ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሳይ መልሱ እዚያው ነበር። መድረኩ በቅርብ፣ መድረኩ በሩቅ፣ እንደገና በቅርብ፣ የማላውቃቸው ተመራቂዎች፣ ግማሾቹም የደበዘዙ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዙሙን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሳመላልስ፣ መድረኩ ድረስ የማይደርስ ፍላሽ ሳበራ፣ ያነሳሁትን በየደቂቃው እየከፈትኩ ሳይ ነው ባትሪውን የጨረስኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዙምና ባትሪን ለያይቼ አላያቸውም። ሌንሷን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ነው፣ ሞተሩ ደግሞ ከባትሪው ይበላል። ዙም ላይ ያመነታ ሰው ባትሪው ሳያስበው ያልቃል።

የምጽፈው ኪስ ለምትገባው፣ ስታበሯት ሌንሷ ወደ ፊት ለምትወጣው ካሜራ ነው። ካኖን ትሁን ሶኒ፣ ኒኮን ትሁን ፓናሶኒክ አሠራሩ ይመሳሰላል። የሚለያየው የቁልፎቹ ቦታና ሜኑው ውስጥ ያለው ስም ነው።

መጀመሪያ ይህችን ቁጥር እወቋት

የካሜራችሁ መመሪያ ደብተር ላይ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ፎቶ» የሚል ቁጥር አለ። በብዙዎቹ ትንንሽ ካሜራዎች ከ200 እስከ 300 ነው። ቁጥሩ የሚወጣው ሲፓ በሚባለው የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ነው። አለካኩ እንዲህ ነው፦ በየ30 ሴኮንዱ አንድ ፎቶ ይነሳል፣ በየፎቶው ዙሙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ በየሁለተኛው ፎቶ ፍላሽ ይበራል፣ በየአሥሩ ፎቶ ካሜራዋ ጠፍታ እንደገና ትበራለች።

አሁን አስሉት። በየ30 ሴኮንዱ ከሆነ 200 ፎቶ ማለት 100 ደቂቃ ማለት ነው። ካሜራችሁ እንግዲህ በርታ የምትቆየው አንድ ሰዓት ተኩል ምናምን ነው። የምርቃት ሥነ ሥርዓት ደግሞ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ሰርግ ቀኑን ሙሉ ነው። ስለዚህ ከፎቶው ብዛት ይልቅ ስክሪኑ በርቶ የቆየበትን ደቂቃ ቁጠሩ። ፎቶ ሳታነሱ አብርታችሁ አንገታችሁ ላይ ብታንጠለጥሏትም ባትሪው እየሄደ ነው።

ከዋዜማው ማታ በፊት

ባትሪውን ማታ ቻርጅ አደርጋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። መብራት ይሄዳል። እኔ አሁን ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ቻርጅ አደርጋለሁ፣ በዋዜማው ደግሞ አብርቼ አያለሁ። የዛሬ ካሜራዎች ባትሪ ሊቲየም አዮን ስለሆነ «ሙልጭ ብሎ ካላለቀ ቻርጅ አይደረግም» የሚባለው ለእሱ አይሠራም። ያ የድሮ ባትሪዎች ነገር ነው። ግማሽ ላይ ሆኖ ብትሞሉት ምንም አይጎዳም።

ካሜራዋን ዘመድ ከአሜሪካ ልኮላችሁ ከሆነ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ገልብጡና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ከሆነ (አብዛኞቹ የካሜራ ቻርጀሮች እንደዚያ ናቸው) የኛ 220 ቮልት አያቃጥለውም፣ የሚያስፈልጋችሁ ጠፍጣፋውን እግር ወደ ክብ የሚቀይር አዳፕተር ብቻ ነው። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ግን ያለ ትራንስፎርመር አትሰኩት።

በዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ የምትሆን ካሜራ ከሆነች ፓወር ባንክም ይሠራል። ብዙዎቹ ግን ቻርጅ የሚቀበሉት ሲጠፉ ነው። አብርታችሁ ሰክታችሁ «እምቢ አለኝ» እንዳትሉ።

ቻርጅ ሲያልቅ ባትሪውን አውጡና የነሐስ ቀለም ያላቸውን መገናኛዎቹን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠረግ አድርጓቸው። የጣት ላብና አቧራ እዚያ ላይ ሲጋገር ሙሉ ባትሪ እንኳ ባዶ መስሎ ይታያል።

ቀጥሎ ሜኑው ውስጥ ግቡ። አሥር ደቂቃ ይወስዳል፣ አንዴ ካስተካከላችሁት ደግሞ እንደዚያው ይቆያል። ዲጂታል ዙምን አጥፉት፣ ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ። ካሜራዋ ሳትነካ ስትቆይ ራሷን የምታጠፋበትን ጊዜ አንድ ደቂቃ አድርጉት። የስክሪኑን ብርሃን መሐል ላይ አድርጉት። ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ ሁለት ሴኮንድ አውርዱት። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ጂፒኤስ ካላት ዝጉ። ኢኮ የሚባል ሞድ ካላት አብሩት። ሳትጫኑት ያለማቋረጥ ፎከስ የሚፈልግ ሴቲንግ ካለም አጥፉት፣ ምክንያቱም ቁልፉን ሳትነኩ ሌንሷ ውስጥ ሞተር ሲንቀሳቀስ የሚውለው በእሱ ነው። ፍላሹንም እዚሁ ዝጉት። የመብረቅ ምልክት ላይ ሰረዝ ያለበት ነው።

ስምንት እጥፍ ማለት ምን ማለት ነው

ካሜራዋ ላይ 5x፣ 8x፣ 40x ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ሰው ይህን «በዓይኔ ከማየው ስምንት እጥፍ ያቀርባል» ብሎ ያነባል። እንደዚያ አይደለም። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ቅርቡ ጫፍ (ዙሙ እስከ መጨረሻ ሲሄድ) ከሰፊው ጫፍ (ዙሙ ሳይነካ፣ ብዙ ቦታ ሲታይ) ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። ለምሳሌ ሶኒ ደብሊው830 8x ነች፣ ከ25 ሚሊሜትር ተነስታ 200 ትደርሳለች (ሚሊሜትሩ ሲጨምር ሩቁ ይቀርባል)። ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ740 40x ነች፣ ከ24 ተነስታ 960 ትደርሳለች። ካሜራ ስትገዙ የመጨረሻውን ሚሊሜትር ጠይቁ። ከሩቅ ስለማንሳት የሚናገረው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ኦፕቲካል ዙም ነው። መስታወቶቹ በእውነት ይንቀሳቀሳሉ፣ የሚገባው ምስል በእውነት ይቀርባል፣ ጥራቱም እንዳለ ይቆያል። ዲጂታል ዙም ግን ሌላ ነገር ነው። ሌንሷ ቆማለች፣ ካሜራዋ የምስሉን መሐል ቆርጣ ትለጥጠዋለች። 20 ሜጋፒክስል ባላት ካሜራ ላይ ሁለት እጥፍ ዲጂታል ዙም ብታደርጉ የምትጠቀሙት ሩቡን ነው፣ 5 ሜጋፒክስል። አራት እጥፍ ብታደርጉ ከአንድ ሜጋፒክስል ትንሽ ቢበልጥ ነው። ያንን መቁረጥ ቤት ገብታችሁ በስልካችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ፣ ያውም ተረጋግታችሁ፣ የት ጋ እንደምትቆርጡ መርጣችሁ። ለዚህ ነው አጥፉት ያልኳችሁ። ሶኒ ክሊር ኢሜጅ ዙም፣ ካኖን ደግሞ ዙምፕላስ የሚሉት አለ። ከተራው ዲጂታል ዙም ይሻላል፣ ቢሆንም እኔ የምነካው ሌላ አማራጭ ሳጣ ነው።

ለመጽናኛ የሚሆን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ የአልበም ፎቶ ለማሳተም 2 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ኦፕቲካል ዙሙ ጫፍ ላይ ደርሶ ሰውየው ትንሽ ቢመስላችሁም አትጨነቁ። አንሱት፣ በኋላ ትቆርጡታላችሁ።

ዙም አደራረግ፣ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ በእግራችሁ ቅረቡ። አሥር እርምጃ መቅረብ ከተቻለ ከየትኛውም ዙም ይበልጣል፣ ባትሪም አይበላም። የምርቃት አዳራሽ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ድረሱና ከመድረኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ተመራቂው እጅ ጨብጦ ወደሚወርድበት ጎን ተቀመጡ። ፊቱ ወደ እናንተ ይዞራል።

ከዚያ ዙሙን ሳትነኩ፣ በሰፊው ጫፍ፣ ልታነሱት የፈለጋችሁትን ነገር ስክሪኑ መሐል ላይ አድርጉት። መሐል መሆኑ ዋናው ነገር ነው። የሹተሩን (የፎቶ ማንሻውን) ቁልፍ የከበበውን ቀለበት ቲ (T) ወደሚለው፣ ወደ ቅርቡ ጫፍ ስትገፉት ጠርዝ ላይ ያለው ሁሉ ይወጣል፣ የሚቀረው መሐሉ ነው። ቀለበቱን በቀስታ ግፉት፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች ቀስ ብላችሁ ስትገፉት ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ዙም አድርጋችሁ ሰውየው ከጠፋባችሁ እያንቀጠቀጣችሁ አትፈልጉት። ወደ ሰፊው ተመለሱ፣ መሐል አድርጉት፣ እንደገና ሂዱ። በደንብ የሚታይ ምልክት መያዝም ይረዳል፦ ነጩ ምሰሶ፣ ባንዲራው፣ ማይክሮፎኑ። ምልክቱን ካገኛችሁ ሰውየው አጠገቡ ነው።

ቀጥሎ አያያዝ። ብዙ የዙም ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካሜራዋን በሁለት ጣት ይዞ እጅን ዘርግቶ ማንሳት በሰፊው ጫፍ ይሠራል፣ በ200 ሚሊሜትር ግን የልብ ምታችሁ ሳይቀር ምስሉ ላይ ይታያል። ሁለቱን ክርኖች ከጎድናችሁ ጋር አጣብቁ። ግራ እጃችሁን ከሥር ደግፉ። ግድግዳ ካለ ተደገፉ፣ ከፊታችሁ መቀመጫ ወይም አጥር ካለ ጃኬት ወይም ነጠላ አጥፋችሁ አድርጉበትና ካሜራዋን እላዩ ላይ አሳርፏት። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫኑ። አረንጓዴ አራት ማዕዘን ይመጣል፣ ጢጥ ትላለች፣ ፎከስ ይዛለች ማለት ነው። አየር አስወጡ። አሁን ቀሪውን ተጫኑ፣ ሳትመቱት፣ እንደሚጨመቅ ነገር። ሰው ያልሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ከሆነ ደግሞ የሁለት ሴኮንዱን ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሙ፣ ጣታችሁ ሳይነካት ታነሳለች።

ብርሃኑስ? ሌንሷ ስትረዝም የምታስገባው ብርሃን ይቀንሳል። ያቺ 40x ካሜራ በሰፊው ጫፍ ኤፍ 3.3 ነች፣ በቅርቡ ጫፍ ኤፍ 6.9 (የኤፍ ቁጥር ሲያድግ የሚገባው ብርሃን ያንሳል)። ከአራት እጥፍ በላይ የብርሃን ልዩነት ነው። ካሜራዋ ይህን ለማካካስ ወይ ሹተሩን ታዘገያለች (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ ታስረዝማለች)፣ ወይ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያላትን ስሜት፣ ትጨምራለች። የመጀመሪያው ፎቶውን ያደበዝዘዋል፣ ሁለተኛው አሸዋ የተበተነበት ያስመስለዋል። የቆየ መለኪያ አለ፦ ሚሊሜትሩ 200 ከሆነ ሹተሩ ከ1/200 ሴኮንድ መዘግየት የለበትም፣ 960 ከሆነ 1/1000 ገደማ። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው ሲስተም ከዚህ በዘገየም እንድታነሱ ይረዳል፣ የሚራመድን ሰው ግን አያቆምላችሁም። ስለዚህ ጨለም ያለ አዳራሽ ውስጥ ዙሙን እስከ ጫፍ አትውሰዱት። ግማሽ ላይ አቁሙት፣ ስፖርት የሚል ሞድ ካለ እሱን ምረጡ፣ ሰውየው ቆም ያለባትን ቅጽበት ጠብቁ። እጅ ሲጨባበጡ ሁሌም ለአንድ ሴኮንድ ይቆማሉ።

ፍላሹን ነገር ደግሜ ልበለው። የትንሽ ካሜራ ፍላሽ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ነው፣ ዙም ስታደርጉ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። መድረኩ 30 ሜትር ርቆ ፍላሽ ብታበሩ የሚበራው ከፊታችሁ የተቀመጡት ሴትዮ ራስ ነው። ከእያንዳንዱ ፍላሽ በኋላ ካሜራዋ ለሚቀጥለው እንደገና ትሞላለች፣ የምትሞላው ከባትሪው ነው፣ እስክትሞላም አታነሳም።

ቀትር ላይ በጣም ሩቅ የሆነ ነገር ስታነሱ፣ ለምሳሌ ከገደል ማዶ ያለ ተራራ፣ ምስሉ የሚርገበገብ ይመስላል። የሞቀው አየር ነው፣ ካሜራችሁ አልተበላሸችም። ጠዋት ተመለሱ።

ዙም ለቅርብ ሰውም ይጠቅማል፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፊት በሰፊው ጫፍ ተጠግታችሁ ስታነሱ አፍንጫ ያድጋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ከ70 እስከ 100 ሚሊሜትር አካባቢ ዙም አድርጉ። 25 ላይ በምትጀምር ካሜራ ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። የእናቴን ጥሩ ፎቶ ያገኘሁት እንደዚያ ነው። እሷም ካሜራዋ ፊቷ ላይ ስላልተደቀነች ዘና ብላ ነበር።

ቀኑን ሙሉ መቆየት

ያነሳችሁትን ማየት ስትፈልጉ በዋናው ማብሪያ አታብሯት። የሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበትን የማያ ቁልፍ ትንሽ ተጭናችሁ ያዙት። ብዙዎቹ ካሜራዎች በዚህ ሲበሩ ሌንሷ አትወጣም፣ ሞተሩም አይሠራም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ቀኑን ሙሉ ስትደጋገም ግን ብዙ ነው። ደግሞም ከልብ እላችኋለሁ፣ እዚያው ቆማችሁ አትሰርዙ። የምትሰርዙት ቤት ነው።

ማጥፋትና ማብራት ላይ ልኩን ያዙ። በየ20 ሴኮንዱ ብታጠፏትና ብታበሯት ሌንሷ በወጣች በገባች ቁጥር ትበላለች። የሚቀጥለው ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ከሆነ ተዋት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አጥፏት። የምትጠብቁት አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ሦስት ስም ሲቀረው አብሩ፣ ዙሙን አስተካክሉ፣ ከዚያ ቀለበቱን አትንኩት።

ቪዲዮ ብዙ ይበላል። ስክሪኑ፣ ፎከሱ፣ የምስል ማረጋጊያው ሁሉም ሳያርፉ ይሠራሉ። ለፎቶ ነው የመጣሁት ካላችሁ ቪዲዮውን ለስልክ ስጡት። ካነሳችሁም እየቀረጻችሁ ዙም አታመላልሱ፣ የሞተሩ ድምፅ ሊገባ ይችላል፣ ለሚያየውም ሰው ያዞራል።

የባትሪው ምልክት ሦስት መስመር ካለው በእሱ ብዙ አትደገፉ። የመጀመሪያው መስመር እስኪጠፋ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ የመጨረሻው ግን ሲያልቅ አያምር ነው፣ በደቂቃዎች ይሄዳል። ቀይ ሲሆን ወዲያው አጥፏት። የቀረውን ለአንድ ነገር አስቀምጡ። ጊዜው ሲደርስ አብሩ፣ በሰፊው ጫፍ ወይም ትንሽ ብቻ ዙም አድርጋችሁ፣ ያለ ፍላሽ አንሱ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለተኛ ባትሪ መያዝ ነው። ካሜራ የገዛ ሰው በሚቀጥለው ወር ባትሪ ይግዛ። አደራ፣ ዋናውን ካላገኛችሁ ታዋቂ ስም ያለውን ምረጡ። አንድ ሱቅ ውስጥ «ኦሪጅናል» ብለው የሸጡልኝ ባትሪ 40 ፎቶ ሳያነሳ አለቀ፣ በሦስት ወሩ ደግሞ አበጠ። ለማወቅ አንድ መንገድ አለ፦ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፐር ሰዓት (mAh፣ ባትሪው የሚይዘውን መጠን) ከዋናው ጋር አስተያዩት። መጠኑ አንድ ሆኖ ዋናው 680 ሲል ሌላው 1500 ካለ ውሸት ነው። ያበጠ ባትሪ ደግሞ በምንም ተአምር ቻርጅ አታድርጉት፣ ካሜራዋ ውስጥም ተጭናችሁ አታስገቡት። ሁለቱ ባትሪዎች ላይ ቀለም ቀቡ ወይም ቁጥር ጻፉ፣ ያለቀውንና ሙሉውን እንዳታምታቱ።

ብርድና ሙቀት

ስሜን ተራሮች ጭላዳ ልታነሱ የሄዳችሁ ሰዎች ይህ ይገባችኋል። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ፣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ካሜራዋ «ባትሪ አልቋል» ትላለች። ማታ ሙሉ ነበር። ባትሪ ሲበርደው ውስጡ ያለው ኬሚካል ይዝላል፣ ኃይል መስጠት ያቅተዋል፣ ኃይሉ ግን አልጠፋም። አውጡት፣ መዳፋችሁ ውስጥ ጨብጡት ወይም ብብታችሁ ሥር አድርጉት፣ አምስት አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። ይሠራል። ማታ ደግሞ ባትሪዎቹን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ፣ ቀን በውስጥ ኪስ ያዟቸው።

ሙቀት ከብርድ ይብሳል፣ ምክንያቱም ብርድ ያደከመው ባትሪ ይመለሳል፣ ሙቀት የጎዳው አይመለስም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ካሜራ አትተዉ። አቧራና አሸዋ ያለበት ቦታ ደግሞ ሌንሷን አውጥታችሁ አትዙሩ። አንዲት ፍሬ አሸዋ ሌንሷ መካከል ገብታ ትቆልፋታለች። ሌንስ ኤረር የሚል ጽሑፍ ከመጣ በእጃችሁ ገፍታችሁ ወይም ጎትታችሁ አታስገድዷት። አጥፉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ጥቂት ጠብቃችሁ ሞክሩ፣ እምቢ ካለች ወደ ሠሪ።

የባትሪ ድንጋይ ለምትበላ ካሜራ

ደብል ኤ የሚባሉ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች የምትጠቀም ካሜራ ካላችሁ፣ ለሬዲዮ የሚገዙት ርካሽ ድንጋይ አይሆንላትም። ሌንሷን ለማውጣት የሚጠይቀውን ኃይል ባንዴ መስጠት አይችልም፣ ሌላ ቦታ የሚሠራ ድንጋይ እሷ ላይ «አልቋል» ይባላል። ቻርጅ የሚደረጉትን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዙ፣ 2000 ሚሊአምፐር ሰዓት አካባቢ ያላቸውን። ሜኑው ውስጥ የባትሪ ዓይነት የሚል ካለ ትክክለኛውን ምረጡ፣ አለበለዚያ ምልክቱ ይዋሻል። አሮጌና አዲስም አትቀላቅሉ።

በአውሮፕላን ስትሄዱና ስታስቀምጧት

ትርፍ ባትሪ በሻንጣ አይገባም፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚያዘው። የካሜራ ባትሪ ጥቂት ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከ100 ዋት ሰዓቱ ገደብ በጣም ያንሳል፣ አይከለክሏችሁም። መገናኛዎቹን በፕላስተር ሸፍኑ፣ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ እንዳይነካኩ።

ለወራት የማትነኳት ከሆነ ባትሪውን አውጡት። ሙሉም ባዶም አድርጋችሁ አታስቀምጡት፣ ግማሽ አካባቢ ይሁን። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አድርጉት፣ በየስድስት ወሩ አውጥታችሁ ትንሽ ቻርጅ አድርጉት። ባትሪው ሲወጣ ቆይቶ ቀንና ሰዓቱ ይጠፋል፣ ስታበሯት መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ዝም ብላችሁ አትለፉት። የተሳሳተ ቀን ያለበት ፎቶ ከአሥር ዓመት በኋላ የማን ምርቃት እንደሆነ እንኳ ያከራክራል። ስትሞሉ የምታስገቡት የፈረንጆቹን ቀን ነው፣ ሰዓቱ ላይም ስድስት መጨመራችሁን አትርሱ፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለእሷ 9፡00 ነው።